በአፍ ውስጥ ስለሚወጣው ላይክን ፕላነስ እና ስለሚዋጡት መድኃኒቶቹ

በዛሬው የጤና ትምህርት ዝግጅታችን የምንነጋገረው ላይክን ፕላነስ ስለሚባለው ደዌ ነው፤ ይልቁንም ይህ ደዌ በአፍና በሌሎቹ ርጥብና ስስ የሰውነት ሽፋኖች ላይ ሲወጣ ሐኪሞች ስለሚያዝዟቸው፥ ተውጠው በደም አማካይነት መላ አካልን ስለሚያዳርሱት መድኃኒቶች ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

ደዌው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ይህን በመጀመሪያ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአፉ ውስጥ ቁስል የወጣበት ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር በአንድ መሶብ መቅረብን እየፈራ፥ ጉርሻ ሲዘረጉለት ፊቱን እያዞረ፥ ለብቻው በሌላ ሳህን የሚበላበት ጊዜ አለና፥ ፍርሃቱ ፈጽሞ መሠረት የሌለው መሆኑን አውቆ ወደ ማዕዱ ሊመለስ ይገባዋል። የደዌው ሥር በራሱ በታማሚው ደም ውስጥ ነው፤ ሰውነትን ከጠላት እንዲጠብቁ የተሰጡት፥ ቲ የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት፥ ሳይንስ እስከ ዛሬ አጥርቶ ባልደረሰበት ምክንያት የስሱን ሽፋን የታችኛውን የሕዋሳት ረድፍ እንደ ባዕድ ቆጥረው ይዘምቱበታል። በአፍ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት ከመቶ ጎልማሶች አንዱን ያህል እንደሚይዝ ይገመታል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል፥ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው ከ30 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው።

ይህን ደዌ ከሌሎቹ ለይቶ በ1869 ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈለት የለንደኑ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን ነው።

ደዌው በቆዳ ላይ ብቻ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ በአፍ ውስጥ ሲወጣ ግን ብዙ ዓመት፥ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ እየበረደና እየተነሣ ይኖራል። መልኩም አንድ ዓይነት አይደለም። በጉንጭ ውስጥና በምላስ ጎን መረብ መሰል ነጭ መስመር ሆኖ የሚታየው ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ታማሚውም የጥርስ ሐኪም እስኪያሳየው ድረስ መኖሩን አያውቅም፤ እንዲህ ላለው ሰው የሚዋጥ መድኃኒት ማዘዝ በእኔ አስተያየት ጤነኛውን ማሳመም ነው። ቀይ ሆኖ የሚሳሳው፥ የሚላጠውና የሚቆስለው ግን በርበሬው፥ ሚጥሚጣው፥ ሎሚው፥ ትኩሱ ቡና በነካው ቁጥር ያቃጥላል፤ ድድን ሲይዝ ጥርስ መፋቅን ያስፈራል፤ ሲበረታም ሰውየው ከአልጫና ከለዘብተኛ ገንፎ በቀር የሚቀምሰው እንዳይኖረው እያደረገ ሥጋውን ያከሳል። በዚህም ብቻ አይወሰንም፤ በኀፍረተ ሥጋ፥ በዓይን ሽፋንና ምግብ በሚወርድበት የጉሮሮ ቧንቧ ላይም ይወጣል፥ በእነዚህም ቦታዎች ጠባሳ እየተከለ መተላለፊያውን ያጠብባል። ድድንና የሴትን ኀፍረተ ሥጋ ባንድነት የሚይዘውን ዓይነት ፈረንሳውያን ሐኪሞች በ1982 ለይተው ከጻፉለት ወዲህ የሕክምናው ዓለም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሴቲቱ አንደኛውን ሕመም ለጥርስ ሐኪም፥ ሌላውን ደግሞ ኀፍረት እስኪለቃት ድረስ ለማንም ሳትናገር ስለምትቆይ፥ አንዱ ደዌ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ክፍል ሳይታከም የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሐኪሙ ወደ መድኃኒት ከመሄዱ በፊት ከቁስሉ ዳር ቅንጣት ሥጋ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ማስመርመሩ ተገቢ ነው፤ በአፍ ውስጥ የሚያቆስሉ ሌሎች ደዌዎችም አሉና። ከዚህም ጋር ታማሚው ቀድሞ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ሐኪሙ መጠየቅ አለበት፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች፥ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎችም፥ ጥርስ የተሞላበት ብረትም ሳይቀር፥ ከላይክን ፕላነስ የማይለይ ቁስል ሊያወጡ ይችላሉና፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ፈውሱ አዲስ ክኒን መጨመር ሳይሆን አሮጌውን ማስወገድ ይሆናል።

ደዌው መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቀዳሚው ሕክምና ከላይ የሚቀባው ወይም የሚጉመጠመጠው ነው፤ ክሎቤታሶል የሚባለው፥ ብግነትን የሚያበርድ ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት፥ በውኃ የተበጠበጠ ቤታሜታሶን ወይም ዴክሳሜታሶን፥ እነዚህ ባይረዱም ታክሮሊመስ የሚባለው ቅባት። እዚህ ላይ ከሕዝባችን ልማድ ጋር የሚጋጭ ነገር አለ። ታማሚው መርፌ ካልተወጋ ወይም ክኒን ካልዋጠ የታከመ አይመስለውም፤ «አጉመጥምጠህ ትፋው» ሲሉት ሐኪሙ የናቀው፥ ወይም ዋናው መድኃኒት ለሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኢጣልያ የቶሪኖ ሐኪሞች በ2003 ባሳተሙት ጥናት 49 ሕሙማንን ለሁለት ከፍለው፥ ግማሾቹን መጀመሪያ ፕሬድኒሶን የሚባለውን የስቴሮይድ ክኒን አስውጠው ኋላ ክሎቤታሶል እንዲቀቡ፥ የቀሩትን ደግሞ ከመነሻው ክሎቤታሶልን ብቻ እንዲቀቡ ቢያደርጉ፥ ቁስሉ የዳነላቸው ሰዎች ቁጥር በሁለቱም ወገን የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ፤ ክኒኑን ከዋጡት ግን ሲሶ የሚያህሉት መድኃኒቱ ባመጣው ጉዳት ተቸገሩ። በአፍ ላለው ቁስል መላ አካልን የሚያዳርስ መድኃኒት መዋጥ አንዲት የጎመን መደብ ለማጠጣት ወንዙን ከመንገዱ ማውጣት ነውና፥ ጎመኑ ውኃ ቢያገኝም የጎረቤቱ ማሳ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

እንግዲህ የሚዋጠው መድኃኒት የሚታዘዘው ለማን ነው ቢሉ፥ ቅባቱንና መጉመጥመጫውን በትክክል እየተጠቀመ ለወራት ሳይሻለው የቀረው፥ ምግብ መዋጥ እስኪያቅተው ድረስ አፉ የቆሰለው፥ እንዲሁም ደዌው ቅባት ሊደርስበት ወደማይችል ወደ ጉሮሮ ቧንቧ የወረደበት፥ ወይም ጠባሳው ዓይንና ኀፍረተ ሥጋን ሊያበላሽ የተቃረበበት ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ማመንታት ራሱ ጉዳት ነው፤ የተተከለ ጠባሳ በመድኃኒት አይነቀልምና።

ከሚዋጡት ሁሉ ፈጥኖ የሚሠራው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። የዚህ የመድኃኒት ወገን ታሪክ የሚጀምረው በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሲሆን፥ በዚያን ጊዜ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በመገጣጠሚያ ብግነት አልጋ ላይ ለቀረች አንዲት ሴት ኮርቲዞንን ቢወጋት በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ሄደች፤ ነገሩ እንደ ተአምር ስለ ተቆጠረም በ1950 ሄንች ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደዌው እንደሚመለስ፥ ሲቀጥልም ሌላ ደዌ እንደሚያመጣ ታወቀ፤ የዛሬውም ሐኪም የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ለላይክን ፕላነስ ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው በታማሚው ክብደት ልክ ለአንድ ኪሎ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም ሆኖ፥ ይህም ለአዋቂ በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከተወሰደ በኋላ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ይቆማል። ሰውነት በተፈጥሮው ይህን የመሰለውን ቅመም በብዛት የሚያመነጨው ማለዳ ላይ ስለ ሆነ፥ ክኒኑም ጠዋት በሁለት ሰዓት ገደማ ከምግብ ጋር ቢወሰድ ይሻላል፤ ማታ የዋጠው ሰው ግን ሌሊቱን ዓይኑ ፈጦ ሊያድር ይችላል።

የፕሬድኒሶሎን ዋጋ ከባድ ነው። የስኳር በሽታን ይቀሰቅሳል፥ የደም ግፊትን ያንራል፥ ዐጥንትን ያሳሳል፥ የዓይን ሞራን ያፋጥናል፥ ፊትን ያሳብጣል፥ ቁስል ባለበት በዚያው አፍ ውስጥም ነጭ ፈንገስ እንዲበቅል ያደርጋል፤ ይህም የመጨረሻው ታማሚውን ደዌው የባሰበት እያስመሰለ መድኃኒቱን እንዲያበዛ ያሳስተዋል። በአገራችን ደግሞ ከዚህ የሚብስ የተሸሸገ አደጋ አለ። ያንቀላፋ የቲቢ ተሐዋሲ በሳንባው የያዘ ሰው፥ በጉበቱ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ያለበት፥ በባዶ እግሩ አፈር እየረገጠ በማደጉም ስትሮንጅሎይደስ የሚባለው ትል በአንጀቱ የተደበቀ ሰው፥ ሁሉም ጤነኛ መስለው ሳሉ ስቴሮይዱ ዘበኞቻቸውን ባስተኛባቸው ጊዜ እነዚህ ጠላቶች ይነሡባቸዋል፤ ትሉማ ከአንጀት ወጥቶ መላ አካልን ሲወርር ብዙ ጊዜ ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከመድኃኒቱ በፊት የሳንባ፥ የደምና የሰገራ ምርመራ ሲያዝዝ ገንዘብ ማስወጣት ፈልጎ አይደለም። ሁለተኛውም አደጋ ክኒኑን ባንድ ቀን ማቋረጥ ነው፤ ሰውነት ከውጭ የሚመጣለትን እየጠበቀ የራሱን ማመንጨት ስለሚተው፥ ለሳምንታት የዋጠ ሰው ሳይቀንስ በድንገት ቢተወው የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ ነገር ውስጥ ሐኪሞች እምብዛም የማይጠይቁት፥ ታማሚዎችም የማይናገሩት የጾም ጉዳይ አለ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን፥ ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው፥ ጠዋት ከምግብ ጋር ዋጠው የተባለውን ክኒን አንድም በባዶ ሆድ ይወስደዋል፥ አንድም ወደ ማታ ያሻግረዋል፥ አንድም ለጾሙ ክብር ሲል ጨርሶ ይተወዋል፤ የመጨረሻውም አሁን እንደ ተናገርሁት ከሁሉ የከፋው ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕሙማን ፈቃድ እንዳላቸው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ታማሚው መድኃኒቱ ሲታዘዝለት ከሐኪሙ ጋር፥ ከዚያም ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር ተማክሮ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነገሩን ቢቆርጥ መልካም ነው።

ፕሬድኒሶሎን ሲቆም ደዌው የሚመለስበት፥ ወይም ከመነሻውም ስቴሮይድ ሊወስድ የማይችል ሰው፥ ወደ ሌሎቹ መድኃኒቶች ይሄዳል። እነዚህን ስጠራላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ አብዛኞቹ ለሌላ ደዌ ተሠርተው በኋላ ወደ ላይክን ፕላነስ የመጡ ናቸው፥ ጥቅማቸውም የታወቀው በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ሳይሆን ጥቂት ሕሙማንን እየተከታተሉ ሐኪሞች በጻፉት ነው። አንዱን ታማሚ የሚያሽለው ሌላውን ላያሽለው ይችላልና፥ ከሐኪሙ ጋር መታገሥ የሕክምናው ክፍል ነው።

ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከ10 እስከ 15፥ አንዳንዴም እስከ 25 ሚሊግራም ይወሰዳል። በሳምንት አንድ ቀን ያልሁትን ደግሜ እናገረዋለሁ፤ በየቀኑ የሚዋጥ መስሎት የዋጠ ሰው መቅኔው ደም ማመንጨቱን አቁሞ፥ አፉም ከቀድሞው የባሰ ቆስሎ ሊሞት ይችላል፥ እንዲህ ያለው ስሕተትም በሠለጠኑት አገሮች ሆስፒታሎች እንኳ ሳይቀር ደርሷል። ስለዚህ ቀኑን ሰኞ ወይም ሐሙስ ብሎ በካርዱ ላይ በጉልህ ማስጻፍ፥ ክኒኑንም ከየዕለት መድኃኒት ጋር አለመቀላቀል ይገባል። ፎሊክ አሲድ ሌላ ቀን አብሮት ይሰጣል፤ ጉበትን ስለሚጎዳ አረቄና ጠጅ ከእርሱ ጋር አይስማሙም። በየጤና ጣቢያው በብዛት የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ተሐዋሲ ከእርሱ ጋር ከተደረበ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ መቅኔን ስለሚመቱ፥ ለሳል ወይም ለሽንት ሕመም ወደ ሌላ ሐኪም የሚሄድ ሰው ሜቶትሬክሴት እንደሚወስድ ሳይጠየቅ መናገር አለበት።

አዛታዮፕሪን የጆርጅ ሂቺንግስና የገርትሩድ ኤልየን ሥራ ነው፤ ኤልየን የዶክትሬት ትምህርቷን ሳትፈጽም በምርምሯ ብቻ የ1988ን የኖቤል ሽልማት የተካፈለች ሴት ናት። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ በወራት ውስጥ ይሠራል፤ የደም ቁጥርና ጉበት በየጊዜው መመርመር አለበት፤ ለሪህ ከሚወሰደው ከአሎፑሪኖል ጋር ከተገናኘም መጠኑ በሰውነት ውስጥ ስለሚያይል እጅግ አደገኛ ነው። ማይኮፊኖሌት ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል። ሳይክሎስፖሪን ከኖርዌይ ተራራ አፈር በተገኘ ፈንገስ የተሠራ ብርቱ መድኃኒት ቢሆንም፥ ኩላሊትን ከመጉዳቱም ሌላ ድድን ያሳብጣልና፥ ድዱ ለታመመ ሰው መስጠቱ ብዙ ማሰብን ይጠይቃል።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወባ መድኃኒቶች ዘመድ ነው፤ የዚህም ወገን ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒና በፓሲፊክ ደሴቶች ይዋጉ የነበሩ የአሜሪካና የአውስትራልያ ወታደሮች ወባን ለመከላከል አታብሪን ሲወስዱ ከቆዩ በኋላ፥ ብዙዎቹ በቆዳቸውና በአፋቸው ላይክን ፕላነስን የሚመስል ሽፍታ ወጣባቸው፤ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን ዛሬ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም እየተሰጠ ያንኑ ደዌ ለማብረድ ያገለግላል። ዘመዳሞቹ አንዱ ሲያቆስል ሌላው የሚያሽር ከሆነ፥ «ጓደኛዬን አሽሎታል» እየተባለ በወሬ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ በተላከ ዕቃ ውስጥ የሚመጣ ክኒን ምን ያህል እንደሚታመን አድማጮቻችን ራሳቸው ይፍረዱ። ይህ መድኃኒት ዓይንን ሊጎዳ ስለሚችል መጠኑ በክብደት ልክ በቀን ለአንድ ኪሎ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም፥ ዓይንም በመጀመሪያና ከዚያ በኋላ በየጊዜው ይመረመራል።

ዳፕሶን ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ማእከል ለብዙ ዓመታት ሕሙማኑን ያከመበት፥ ዛሬም ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ለሥጋ ደዌ የሚሰጥ ነው፤ ብግነትንም ስለሚያበርድ አንዳንድ የአፍ ላይክን ፕላነስ ሕሙማን ይጠቀሙበታል። አንድ ኤንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ግን ከወሰዱት ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ይፈርሳሉና ቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል። ከሥጋ ደዌ ሕክምና የመጣ ሌላም አለ፤ ታሊዶማይድ። በ1957 በጀርመን አገር ለገበያ ወጥቶ ከ10,000 የሚበልጡ ሕፃናት እጅና እግራቸው ጎድሎ እንዲወለዱ ምክንያት ከሆነ በኋላ የተወገደው ይህ መድኃኒት፥ በኋላ በኢየሩሳሌም ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም ለአንድ ዓይነት የሥጋ ደዌ ብግነት እንደሚረዳ ቢያሳይ ወደ ሕክምና ተመለሰ፤ ለአፍ ላይክን ፕላነስ የሚሰጠው ግን ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ነው፥ የእጅና የእግር ነርቭንም ያደነዝዛል።

ስለ ፅንስ ከተነሣ፥ ከጠራኋቸው ውስጥ ሜቶትሬክሴት፥ ማይኮፊኖሌትና ታሊዶማይድ፥ ገና ያልጠራሁት ከቫይታሚን ኤ የተገኘው አሲትሬቲንም፥ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ያበላሻሉ። አሲትሬቲን ከቆመ በኋላ እንኳ ሴቲቱ ለ3 ዓመት ማርገዝ የለባትም፥ አልኮልም መቅመስ መድኃኒቱን በሰውነት ውስጥ ያቆየዋል። ከዚህም ሌላ ከንፈርንና አፍን ስለሚያደርቅ ለአፍ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አይመቸውም። ለመውለድ የምታስብ ሴት ይህን ለሐኪሟ ከመጀመሪያው ቀን ልትነግረው ይገባታል፤ ባሏ ፊት መናገር ካልወደደችም ለብቻዋ እንድታነጋግረው መጠየቅ መብቷ ነው።

በቅርብ ዓመታት ጃክ የሚባሉትን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኞች የሚያግዱ አዳዲስ ክኒኖች፥ እንደ ቶፋሲቲኒብና ኡፓዳሲቲኒብ ያሉት፥ በጥቂት ሕሙማን ላይ ተሞክረው ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይተዋል። ውድ ናቸው፤ ቲቢንና አልማዝ ባለጭራን ይቀሰቅሳሉ፥ የደም መርጋትንም ሊያመጡ ይችላሉ፤ በአገራችን የሚታሰቡበት ቀን ገና ይመስለኛል።

የትኛውም ክኒን ቢወሰድ፥ ሕመሙም ጨርሶ ቢጠፋ፥ አፍን በየጊዜው ማስመርመር አይቆምም። የአፍ ላይክን ፕላነስ ካለባቸው ሰዎች ከመቶ አንዱን በሚያህሉት ላይ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ይነሣልና፥ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ፥ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ከዚያ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት፤ ሲጋራና ጫትም ካሉ መተው አለባቸው። ሲዳሰስ የጠነከረ፥ የሚደማ፥ ወይም መድኃኒቱ እየተወሰደ ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይድን የቆየ አንድ ቦታ ከተገኘ፥ የድሮው ደዌ ነው ተብሎ መጠኑ አይጨመርበትም፤ ከቦታው አዲስ ናሙና ተወስዶ እንደገና ይመረመራል።